ምንጩ ሰይድ ነው

ባለቤቴ ከድጃ ቁም ሣጥኑን በከፈተች ቁጥር የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ እኔም ወደዚያ ላለማየት ስልኬን ማገላበጥ እጀምራለሁ። እዚያ ውስጥ፣ ከእሷ የዒድ ቀሚሶች ጎን፣ በላስቲክ ተሸፍኖ የተንጠለጠለ ጥቁር ካባ አለ። ጠርዙ በወርቃማ ክር የተጠለፈ፣ ውስጡ ቀይ ገበር ያለው፣ በአዋሽ ሙቀት ቀርቶ በደሴ ብርድ እንኳ የሚከብድ ካባ ነው። ባለፈው ሳምንት የወንድሟ ልጅ ኒካህ ነበርና አወጣችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰመራ ድረስ ጠርተው ያለበሱህን ካባ ለመቼ ነው የምታስቀምጠው? ለብል?» አለችኝ። ሙቀቱን አሳበብኩ። «ሙቀትማ ሰመራም ነበር!» ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። እሷ በሩን ዘጋችው፣ ሽታው ግን ቀረ፤ እኔም እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ወደዚያ ዘመን ተመለስኩ።

ያኔ ሰመራ ከተማ ለመባል ገና ብዙ ይቀራት ነበር። ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ላይ ጥቂት የመንግሥት ቢሮዎች እዚህም እዚያም ጉች ጉች ብለዋል፤ በመካከላቸው ከነፋስ በቀር የሚመላለስ አልነበረም። ሰው የሚኖረው ሎጊያ ነው። ቀን ሰመራ እንሠራለን፣ ሲመሽ የጭነት መኪና ለምነን ሎጊያ እንወርዳለን። ሎጊያ ላይ ክፍል ውስጥ ለመተኛት የሚከፍል ሞኝ አልነበረም፤ አልጋው ግቢ ውስጥ ከሰማይ በታች ይደረደራል፣ ላንዱ አልጋ አምስት ብር። ባንድ ጎንህ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ያንኮራፋል፣ በሌላው ጎንህ የወሎ ነጋዴ ለሱብሒ ሶላት ሲነሣ ጫማህን ይረግጥብሃል። ለስላሳ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ የቀዘቀዘ ከፈለግህ ሁለት ብር፣ ቅዝቃዜው ለብቻው ይሸጥ ነበር ማለት ነው። የመጠጥ ውሃችንን በጀሪካን ሞልተን፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ሥር እናስቀምጠዋለን። ፓስታ የምንበላበት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ይጮህ ነበር፤ ሾፌር ወድዳ መንገድ ላይ ስለቀረች ሴት የሚያወራ ዘፈን፤ ክሩ በሙቀት ተጣሞ ዘፋኙ መጨረሻው ላይ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ አስፋልቱን፣ ፎቁን፣ ዩኒቨርሲቲውን አይና የትኛው ጋ እንደተኛሁ፣ የትኛው ጋ እንደበላሁ ግራ ይገባኛል።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ከዚሁ ከአዋሽ ነው። አባቴ ከወሎ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ የጅቡቲ ብስኩትና ሽርጥ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ኮምፒውተር የተማርኩ ነኝና ሰመራ የገባሁት ክራባት አስሬ ነው። በዚያ ሙቀት! ዘበኛው ገና ከበሩ ሲያየኝ «አንገትህን ምን ነካው?» አለኝ። በዚያው ቀን ከእኔ ጋር የተቀጠረው ዳውድ ግን ነጭ ሸሚዝ በሽርጥ ለብሶ፣ ሰንደሉን ተጫምቶ ነበር የመጣው። ዳውድ አፋር ነው፣ የአፋምቦ ልጅ። አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፣ ያገኘነውም ውጤት ያው ነበር፤ በምንም አልበልጠውም ነበር። ክራባቱ ግን እንደምበልጠው አሳመነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ውሃ በቦቴ ወደየመንደሩ የሚልክ ነበር፤ ስሙን እንኳን ተዉት። የመንደሩ ስም፣ የሰውና የከብቱ ብዛት፣ የጉድጓዱ ሁኔታ፣ የቦቴው ምልልስ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ በየሰንጠረዡ ይመዘገባል፤ ዳታቤዝ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ የሚፈለገውን ለይቶ ለማውጣት ኳሪ ይጻፋል። ኳሪ ማለት ኮምፒውተሩ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ነው። ከሁሉ ጥያቄ የሚበልጠው ደግሞ አንድ ነበር፤ በዚህ ወር ቦቴ ያልደረሰባቸው መንደሮች የትኞቹ ናቸው? መልሱ እንደወጣ ለሾፌሮቹ ይሰጣል፤ እነሱም ሞተር አሙቀው ይሄዳሉ።

እኔ ያንን ጥያቄ የምጽፈው ማንም እንዳይገባው አድርጌ ነበር። ሆን ብዬ ነው ማለት አልችልም፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። መንደርን «ኤ»፣ ቦቴን «ቢ»፣ ያለፈውን ወር ደግሞ አላህ በሚያውቀው ምክንያት «ኤክስ ሁለት» ብዬ እጠራለሁ። በጥያቄው ውስጥ ሌላ ጥያቄ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ እከታለሁ፤ የከፈትኩትን ቅንፍ ሳልዘጋ ሌላ እከፍታለሁ። መስመር ቆርጦ መውረድ የሰነፍ ሥራ ስለሚመስለኝ ከዳር እስከ ዳር አያይዤ ነበር የምጽፈው። ማብራሪያማ ጭራሽ የለም። ሰው ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ጄኔሬተሩ ቢጮህም ማቀዝቀዣው ትከሻዬ ላይ ቢያንጠባጥብም፣ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ አልነበረም።

ዳውድ ግን መንደርን መንደር፣ ቦቴን ቦቴ፣ ወርን ወር ብሎ ነው የሚጽፈው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ መስመር። ረጅሙን ጥያቄ ይቆራርጠውና ለያንዳንዱ ቁራጭ ስም ያወጣለታል፤ መጀመሪያ «የደረሳቸው» ይላል፣ ቀጥሎ «ያልደረሳቸው» ይላል፤ ሁለቱም በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ አልፎት የሚሄድ፣ ለሚያነብ ሰው ብቻ የሚሆን ማብራሪያ ይጽፋል፤ ምን ፈለግን፣ ከየት አገኘነው፣ ምንጩ ማነው። የራሱን ስም ግን አይጽፍም።

«ይሄ ኳሪ ነው ወይስ የሕፃን ተረት?» እለው ነበር።

«ዳጉ ነው» ይለኛል እየሳቀ።

ዳጉ የአፋር የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጥላ ፈልገው ቁጭ ይሉና ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ከእገሌ ሰማሁ» እያሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይለዋወጣሉ። የሰማ ሰው ተነሥቶ ለሚቀጥለው እንዲያደርሰው ሆኖ ነው የሚወራው። አንድ ቀን ስሙን ለምን እንደማይጽፍ ጠየቅሁት።

«የሚያወራው ሰውማ ፊትህ ተቀምጧል፤ ስሙ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «የሚያስፈልግህ ከማን እንደሰማው ነው። ከተጠራጠርክ ሄደህ ያንን ሰው ትጠይቃለህ። አንተ ግን የምትጽፈውን ማን ተቀብሎ ያደርሰዋል?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ይጠይቁኛ።»

«ከሌለህስ?»

«ከሌለሁማ ይቸገሩ!» አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። የሚቸገሩት እነማን እንደነበሩ ለማሰብ እንኳ አልሞከርኩም። ጀሪካን ደርድረው መንገድ መንገዱን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ አዲስ መዋቅር መጣ ተባለ። መዋቅር መምጣት ልማዱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሁለታችን ቦታ አንድ ሆኖ መጣ። አለቃችን አቶ ተሾመ ጠርቶ አስቀመጠን፤ የየራሳችንን ሥራ በዚያ ጎንና ጎኑ በተበሳው ወረቀት አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። የእኔ ተንዘላዝሎ ወለሉ ደርሷል። የዳውድ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አቶ ተሾመ የእኔን ከፍ አድርጎ ያዘና «ይሄ፣ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፤ አንድም አልገባኝም!» አለ። ቀጥሎ የዳውድን አነሣ። «ይሄንን ግን እኔም አነበብኩት። እኔ ያነበብኩትን ነገር ባለሙያ ነው የጻፈው ብዬ ለበላይ እንዴት ላስረዳ?» አቶ ተሾመም ወደ እኔ ዞረ። «ሰይድ፣ እስቲ አንተ በሐቅ ንገረኝ። ይሄንን ሥራ ለጸሐፊዋ ብንሰጣት ትችለዋለች?»

አውቅ ነበር። እንደዚያ አድርጎ መጻፍ ከእኔው ሥራ እጥፍ እንደሚከብድ አውቅ ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ተደብቄ ሞክሬው አቅቶኛል። የማቀዝቀዣውን ጠብታ እያየሁ «ከለመደችው... ላይከብዳት ይችላል» አልኩ። ዳውድ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ አቀርቅሮ ሰንደሉን ማየት ጀመረ።

ቦታው የእኔ ሆነ፤ ለእሱ ሥራውን አስረክቦ እንዲለቅ አንድ ወር ጊዜ ሰጡት። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ወር ሥራ ሲፈልግ ወይም ጥላ ሥር ሲተኛ ያሳልፈው ነበር። ዳውድ ግን የእኔን ኳሪዎች አንድ ባንድ እየፈታ በራሱ አጻጻፍ እንደገና ጻፋቸው። ከጎኔ ይቀመጥና «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ ለምን ገባ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን የማውቅ መስዬ እመልሳለሁ። «ምን ያደክምሃል፣ እየሄድክ አይደል?» ስለው «እኔ ብሄድም ወሬው እዚህ ይቀራል» አለኝ። ሲጨርስ ቁልፉን አስረከበ፣ ከሁላችንም ጋር ተሰነባበተና ሎጊያ ወርዶ ለጭነት መኪኖች የትራንዚት ሰነድ የሚሞላበት ቢሮ ከፈተ። እኔ ዓመት ሳይሞላኝ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ወደ አዋሽ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በሎጊያ ባለፍኩ ቁጥር የእሱ ቢሮ ባለበት በኩል ፊቴን አዙሬ አላይም ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ አልፎ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ቀኑን የመስጊዱ ጥላ ሥር ከእኩዮቼ ጋር በማሳልፍበት ጊዜ ነው ስልክ የተደወለልኝ። የደወለችው መዲና የምትባል፣ የዚያ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የዳታቤዝ ኃላፊ ነበረች።

«ጋሽ ሰይድ ነዎት? አልሐምዱ ሊላህ! ፈልገን ፈልገን አገኘንዎት» አለችኝ። «የዳታቤዝ ሥርዓቱ የተጀመረበትን በዓል ልናከብር ነው። እርስዎ የጻፏቸውን ኳሪዎች እስከ ዛሬ እንሠራባቸዋለን። እኔ ራሴ የተማርኩት ከእነሱ ነው፤ አሁንም ለአዲስ ተቀጣሪዎች የምንሰጠው እነሱን ነው። ሳንሸልምዎት አናልፍም። ደግሞም አዲሶቹን የሚያሠለጥን አማካሪ በቋሚነት እንፈልጋለን፤ ሥራውን ለእርስዎ ነው ያሰብነው።»

እኔም አመንኳት! እስካሁን ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያግለኝ ይኸው ነው። አንድ ሰው እንኳ አንብቦት የማያውቀውን ጽሑፍ ሰዎች ተማሩበት ሲሉኝ ለአፍታ አልተጠራጠርኩም። ጊዜ ፈረደልኝ፣ በመጨረሻ የሚገባው ትውልድ መጣ ብዬ ለከድጃ አወራሁ። እሷም ሸሚዜን ተኩሳ፣ ለመንገድ ተምርና ዳቦ ቋጥራ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ገዋኔ ለምሳ ሲቆም የማላውቃቸውን መንገደኞች የፍየል ጥብስ ጋበዝኩ። በደስታ ብዛት ነው።

መዲና የቀድሞ ሠራተኞችን ሁሉ ጠርታ ኖሮ፣ ሎጊያ በተያዘልኝ ሆቴል በር ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ዳውድን ነው። ጢሙ በሂና ቀልቷል፣ ጥርሱ ሳስቷል፤ ነጭ ሸሚዙና ሽርጡ ግን እንዳሉ ናቸው። ጥላ ሥር ቁጭ አልንና እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ ስለ አዋሽ፣ ስለ ልጆቼ፣ መንገድ ላይ ስላየሁት ዝናብ። እኔም በተራዬ ጠየቅሁት። የትራንዚት ሥራው ሞቷል። «አሁን ሾፌሩ ራሱ በስልኩ ሞልቶ ያልፋል፤ ኮምፒውተር ሁለቴ ከሥራ አስወጣኝ» ብሎ ሳቀ። «ሥራ እየፈለግሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራል፣ ግን ልጆቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው።» በአቶ ተሾመ ቢሮ የሆነውን አላነሣም። እኔ ግን አፌ አላርፍ ብሎ ስለ ማሠልጠኑ ሥራ ነገርኩት። እጄን ጨበጠና «ማሻ አላህ፣ ይገባሃል» አለኝ። ከልቡ ነበር።

በማግሥቱ ሰመራ የበዓሉ አዳራሽ በሰው ሞልቷል። የወንበሮቹ ልብስ ሐር መሳይ፣ በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ ባነር፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ አዳራሽ ቀርቶ ለሁላችን የሚበቃ ወንበር አልነበረም። ንግግር ተደረገ። ካባው መጣና በጭብጨባ መሐል ትከሻዬ ላይ ተጫነ፤ ወዲያው ላቤ በጀርባዬ መውረድ ጀመረ። ከዚያ መዲና ማይክራፎኑን ያዘችና «አሁን ደግሞ የጋሽ ሰይድን ሥራ ከራሳቸው አንደበት እንስማ» ብላ ግድግዳው ላይ አበራችው።

ቀና ብዬ አየሁ። ከላይ ያሉት መስመሮች ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል በማይቀበልበት ዘመን በላቲን ፊደል የተጻፉ አማርኛ ናቸው፤ «ምን ፈለግን፦ በዚህ ወር ቦቴ ያልደረሰባቸው መንደሮች። ከየት፦ ከመንደር መዝገብና ከቦቴ ምልልስ። ምንጩ ሰይድ ነው።» ሌላ ስም የለም። ከሥሩ አንድ ሐሳብ ባንድ መስመር፣ መንደር መንደር ተብሎ፣ ቦቴ ቦቴ ተብሎ። ዳውድ የእኔን ጥያቄ ተቀብሎ ሲያወራ፣ እንደ ዳጉ ሕግ፣ የሰማበትን ሰው ስም ጽፎ የራሱን ትቶ ነበር። ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ ያገኙትን አንድ ስም የጸሐፊው አደረጉት። ግድግዳው ላይ ያለው እኔ ሃያ ምናምን ዓመት የኮራሁበት ጽሑፍ አልነበረም፤ ከገዋኔ ጀምሮ ስኮራበት የመጣሁትም አልነበረም።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ፣ በሚያምር ድምፅ አነበብኩት፤ ማንም እንዲያነበው ተደርጎ ስለተጻፈ እኔም አነበብኩት። ወጣቶቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። እኔም «እዚህ ጋ የደረሳቸውን ለየን፤ እዚህ ጋ ያልደረሳቸውን» እያልኩ አብራራሁ። ካባው ላይ ካባ የደረብኩ ያህል ሞቀኝ። ሲያጨበጭቡ ወደ ኋላ ወንበሮች አየሁ፤ ዳውድም ያጨበጭባል።

አንዲት ወጣት ተቀጣሪ እጇን አወጣች። «ጋሽ ሰይድ፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ መጻፍ እንዴት ለመዱ?» አለች።

ይሄኔ አቃተኝ። «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አልኩ። «ዳውድ ነው። ያ ከኋላ የተቀመጠው።»

መዲና ፊቷ በራ። «አያችሁ!» አለች ለሕዝቡ። «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ ለጓደኛው ይሰጣል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «ወላሂ እውነቴን ነው» አልኩ፤ ባሰባቸው። እኛ አገር ሰው «እኔ አይደለሁም» ሲል «እኔ ነኝ» ማለቱ ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ የሚያምነኝ አጣሁ። ለአፍታም ልቀመጥ ዳድቶኝ ነበር። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ካላመኑኝ ምን ላድርግ? ካባውም የኔ፣ ሥራውም የኔ፣ ሕሊናዬም የኔ ሊሆን። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይህን አስቤያለሁ።

«መዲና፣ ከዚያ ዘመን የቀረ የድሮ ፎልደር የለም?» አልኳት።

«አንድ አለ፤ ግን ማንም ከፍቶት አያውቅም።»

«ክፈቺው እስቲ።»

ከፈተችው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በፊደል ተሸፈነ። መስመር የለ፣ ማረፊያ የለ፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ። አንዱ ከመሐል ሳቀ። «የኔ ይሄ ነው» አልኩ። ከፊት የተቀመጠ ጎረምሳ «እስቲ ያስረዱን» አለ። ጀመርኩ። «ኤ ማለት... መንደር ነው። ቢ ማለት ቦቴ።» ትንሽ ወረድ ስል ኤ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ኤክስ ሁለት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ቆምኩ ማለት ቆምኩ ነው። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ሳቁም ቀረ፤ ያዘኑልኝ ጊዜ የባሰ ሆነብኝ። መዲና ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጋ ወደ መሬት ታያለች።

«ኤክስ ሁለት ያለፈው ወር ነው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ዳውድ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣና ግድግዳው አጠገብ ቆሞ፣ ያንን የእኔን ጉድ እያንዳንዱን ቅንፍ እየፈታ ተናገረው፤ ይሄ ከዚህ ነው፣ ይሄ ወደዚያ ነው እያለ። በወጣትነቱ አንድ ሙሉ ወር ስለፈታው አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው ጥርት ያለውን ማን እንደጻፈው ሁሉም ገባው። ሲጨርስ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረና እንዲህ አለ፦ «ይሄ ጥያቄ አንድም ቀን የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ውሃው የደረሰው በዚህ ነው። ሰይድ ባይጽፈው እኔ የማወራው አልነበረኝም። ምንጩ እሱ ነው ያልኩት ለትህትና አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።»

ምነው በሰደበኝ! አቶ ተሾመ ፊት የተናገርኩትን አንሥቶ ቢያዋርደኝ እችለው ነበር። እኔ ሥራውን ጸሐፊ ትችለዋለች ያልኩበት ሰው፣ በሞላ አዳራሽ ፊት የእኔን ሥራ አከበረልኝ። ቀና ማለት አልቻልኩም። ካባውን አውልቄ ትከሻው ላይ ላደርግለት ስል እጄን ያዘና «ኧረ ወንድሜ፣ በዚህ ሙቀት?» ብሎ አጣጥፎ መልሶ አስታቀፈኝ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ማሠልጠኑን ለዳውድ ሰጡት። መዲና በሥርዓት መጥታ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ስትል የማነው ይቅርታ ብዬ አስቆምኳት። ሆቴሌ ለሳምንት ተከፍሏልና «ከፈለጉ ቆይተው ይረፉ» አለችኝ። መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ለከድጃ ምን ይዤ ልግባ? ሰኞ ጠዋት የሥልጠናው ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተቀጣሪዎች ኋላ ተቀመጥኩ። ዳውድ አየኝ፤ እንደማንኛውም ሰው ሰላም ብሎኝ ሥራውን ጀመረ።

የመጀመሪያው ልምምድ ያው የድሮው ጥያቄ ነበር፤ ቦቴ ያልደረሰባቸው መንደሮች። ጻፍኩ። መንደርን መንደር አልኩት። ቦቴን ቦቴ አልኩት። ጣቴ ወደ ኤና ቢ ሲሄድብኝ እየመለስኩ፣ አንድ ሐሳብ ባንድ መስመር፣ እየደመሰስኩ እንደገና ጻፍኩ። ምን ፈለግን፣ ከየት፣ እያልኩ ከላይ ሞላሁ። ልጆቹ ጨርሰው ሻይ ሲወጡ እኔ ገና ነበርኩ። ዳውድ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና አነበበ። በዚያ የድሮ ቢሮ ሰው ከኋላዬ ሲቆም የማይገባው ነበር የምመኘው፤ ያን ቀን እንዲገባው ለመንኩ።

«ሰማሁህ» አለኝ። «ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን?»

«ምንጩ ማነው?»

አቶ ተሾመም ያን ጊዜ «በሐቅ ንገረኝ» ሲል የጠየቀኝ ይኸንኑ ነበር፣ በሌላ ቃል። ማቀዝቀዣው ከላይ ያጉረመርማል፤ አሁን ግን አያንጠባጥብም፣ ዓይኔን የማሸሽበት ጠብታ አልነበረም። ወደ መጀመሪያዎቹ መስመሮች ተመለስኩና ባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩ፤ ምንጩ ዳውድ ነው።